«በሰሜን አገልግለዋል»

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተብሎ ይጀመራል። ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ የልጅና የልጅ ልጅ ቁጥር ይደረደራል። ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው» ይመጣና ያልቃል። ፀሐይ ላይ የቆመው ለቀስተኛ ግማሹ አይሰማውም፤ የሰማውም ንፍሮው ሳይደርስ ይረሳዋል። ግን አስቡት፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ስለ ሕይወቱ የሚጻፍለት ብቸኛው ጽሑፍ ያ አንድ ገጽ ነው። መጽሐፍ የሚጻፍለት ስንቱ ነው? እዚያ ገጽ ላይ የተዘለለ ነገር በቃ ተዘለለ።

የአያቴ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተነበበ። የጻፈው አጎቴ ነው፤ ደህና አድርጎ ነው የጻፈው። በ1931 ዓ.ም. እምድብር አካባቢ መወለዳቸው፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መማራቸው፣ በ1950 ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት መግባታቸው፣ በ1954 ከጠቅል ብርጌድ ጋር በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ መዝመታቸው፣ በ1970 ካራማራ ላይ መዋጋታቸው፣ እስከ ሌተና ኮሎኔልነት መድረሳቸው ሁሉም አለ። ስለ ኮንጎ አራት ዐረፍተ ነገር፣ ስለ ካራማራ ሰባት። መሀል ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ከ1959 እስከ 1965 ዓ.ም. በሰሜን አገልግለዋል።»

ስድስት ዓመት፣ ሁለት ቃል።

የወታደር ቤተሰብ የሆናችሁ ይህን «ሰሜን» የሚባል ነገር ታውቁታላችሁ። ከተማ አይደለም፣ አውራጃ አይደለም፤ አቅጣጫ ነው። ኮንጎ ሲሆን ኮንጎ ይባላል፣ ካራማራ ሲሆን ካራማራ ይባላል፤ ኤርትራ ላይ ሲደረስ ግን ኮምፓስ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ሰሜን በረዶ ያለበት ሀገር ይመስለኝ ነበር።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ። አያቶቻችንን የምንወዳቸው ከሆነ «በሰሜን» ማለታችንን እናቁም። ከተማውን በስሙ እንጥራው፤ ዓመቱን እንጻፈው።

አያቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ካልነገርኳችሁ ግን የምለው ትርጉም አይኖረውም።

ካቶሊክ ነበሩ፤ ያውም የጠነከሩ ካቶሊክ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ ከመቶ 0.7 ነው። እሳቸው ጦር ሲገቡ ደግሞ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ነበር፤ የአምስት ዓመቱ ወረራም ከሰው አእምሮ ገና አልወጣም። በኮርሳቸው ብቸኛው ካቶሊክ እሳቸው ስለነበሩ ቅጽል ስማቸው «ጣሊያኑ» ሆነ። ከእምድብር የመጣ፣ አባቱ እንሰት ተክሎ የሚያድር የጉራጌ ልጅ «ጣሊያኑ»! «ቅዳሴያችን እኮ ግእዝ ነው» እያሉ ሲያስረዱ ኖሩ። እንዲህ ያለ ሰው ታማኝነቱን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ። ጫማቸው ከሁሉ በላይ የሚያበራ፣ ሪፖርታቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ሁለተኛ የማይጠይቁ መኮንን የሆኑት እምነታቸው ስላስተማራቸው ብቻ አይመስለኝም። ማንም «አንተማ የኛ አይደለህም» እንዳይላቸውም ጭምር ነው።

ሰፈራችን ውስጥ እስከ መጨረሻው «ሻለቃ» ነበሩ፤ ቤቱን ሲገዙ ሻለቃ ስለነበሩ ሰፈሩ ከዚያ በላይ ሊያሳድጋቸው አልፈለገም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከብዙ ሺህ ባልደረቦቻቸው ጋር ካምፕ ገብተው ጥቂት ወራት ቆዩ። ሲወጡ መርካቶ ወንድማቸው ሱቅ ተቀምጠው ሒሳብ ያዙ። አላማረሩም፤ ወይም እኛ ፊት አላማረሩም። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ልበ ኢየሱስና የራሳቸው የዩኒፎርም ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ማታ ማታ መቁጠሪያውን የሚደግሙት ተንበርክከው ነው፤ ጉልበታቸው ከታመመ በኋላም ትራስ አስገብተው ይንበረከኩ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ኑዛዜ ይገባሉ። ለመስቀል አገር ቤት መሄድ ግዴታ ነው፤ ክትፎው ላይ ግን ቀልድ የለም፣ ቆጮ ያስተረፈ ልጅ ይቆጣል።

በኢሠፓ ዘመን እንኳ፣ በየጦር ክፍሉ የፖለቲካ ካድሬ ከአዛዡ ጎን በሚቀመጥበት ጊዜ፣ መቁጠሪያዋ ከደረት ኪሳቸው አልወጣችም። ይህን ቤተሰባችን በኩራት ያወራዋል፤ እኔም እኮራበታለሁ።

ወደ ሰሜኑ ልመለስ። አያቴ እነዚያን ስድስት ዓመታት የቆዩት በሁለተኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከረን ነው። ከረን ከአስመራ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ብሌኑም ትግረውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚኖርባት ስትሆን ከኤርትራ የካቶሊክ መናኸሪያዎች አንዷ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ማርያም ደዓሪት አለች፤ በአንድ ግዙፍ ባኦባብ ግንድ ውስጥ ያለች ጸሎት ቤት። ግንቦት 21 ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይሳለማታል።

እስቲ ይህን ሰው እዚያ አስቡት። በሆለታ «ጣሊያኑ» ተብሎ የተቀለደበት ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቶሊክ መሆን የማያስገርምበት ከተማ ገባ። ቅዳሴው እምድብር የሚያውቀው የግእዝ ቅዳሴ ነው። የአስመራ ሀገረ ስብከት ያኔ በአዲስ አበባው ሜትሮፖሊታን ሥር ነበር፤ ሁለቱ ሀገሮች በ1985 በሕዝበ ውሳኔ ከተለያዩ በኋላ እንኳ ቤተ ክርስቲያኗ እስከ 2007 ዓ.ም. አልተከፈለችም። ቤቱ ነው ማለት ነው። ችግሩ ዩኒፎርም ለብሷል፤ አብረውት ከሚቆርቡት ውስጥ ደግሞ ልጃቸው ጫካ የገባባቸው አሉ።

ስለ ከረን ከነገሩኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። «እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ እኔ ጎን ቦታ አይጠፋም ነበር» አሉኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

አሁን ታሪኩን። በኅዳር 1963 የሁለተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በጀብሃ ደፈጣ ተገደሉ። ጦሩ አጸፋውን የመለሰው በመንደሮች ላይ ነው። ኅዳር 21 ከከረን ብዙም በማይርቀው በስክዲራ፣ በማግስቱ ኅዳር 22 ደግሞ የከረን አፍንጫ ሥር ባለችው ኦና፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት። ኦና ተቃጠለች። ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ ላይ በአብዛኛው ኤርትራ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኤርትራውያን ቀኑን ዛሬም ያስቡታል። እኛ ትምህርት ቤት አልተማርነውም።

ልብ በሉ፤ ይህ የደርግ ሥራ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ያ በየቻናሉ ፎቶው የሚለጠፈው፣ ሽቅርቅር ያለው፣ ኮሪያና ኮንጎ የዘመተው ጦር ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ኦና አንብቤ እረፍት ስወጣ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ በ63 ከረን ነበሩ አይደል? ኦና ላይ ምን ሆነ?» አልኩ። ቡናቸውን ጨረሱ። «ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት አድርጌያለሁ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዓመታት በኋላ፣ ከታመሙ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ጠየቅኩ። ያንኑ መለሱ፤ ቃሉ እንኳ አልተለወጠም።

ለሚመለከተው ክፍል። ያው ኑዛዜ ማለታቸው ነው።

ከቀብሩ በኋላ ዕቃቸው ሲስተካከል ወጪያቸውን የሚጽፉበት ደብተር ተገኘ። መኮንን ናቸው፣ የሻማ እንኳ ይጽፋሉ። ለሙታን ቅዳሴ የሚከፍሉት በየዓመቱ አለ፦ ጥር ላይ የአባታቸው፣ ነሐሴ ላይ የእናታቸው፣ ስማቸው ተጠቅሶ። ሦስተኛው ስም የለውም። «ኅዳር 22፣ ለሙታን» ይላል። ደብተሩ ከ1984 ነው የሚጀምረው፤ እስከ 2010 ድረስ 27 ጊዜ። አንድም ዓመት አልተዘለለም፣ ገንዘብ ባጠረበት ዓመት እንኳ። ሰፈሩ ኅዳር 21 ጽዮንን ያከብራል፣ እሳቸውም ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ግን እንደገና ይሄዱ ነበር። አያቴ ባለቤታቸው «ጽዮንን አይጠግባትም» ትል ነበር። በዓሉን የሚያራዝሙ ነበር የመሰላት።

አያቴ ኦና ላይ ተኩሰዋል አላልኩም። ያዘዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዘው የተኮሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዘው እምቢ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ጦሩ ከወጣ በኋላ የደረሱና ያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም ሰፈራቸው ሆነው ተኩሱን ሲሰሙ የዋሉ። እነዚህ አምስቱ አምስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ «በሰሜን አገልግለዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለአምስቱም እኩል ይስማማል። እምቢ ያለው ሰው እንኳ ክብሩን አያገኝም። ይህ ነው የሚያናድደኝ። አጎቴ አባቱን ሊጠብቅ ብሎ የጻፈው ቃል፣ አባቱ ምናልባት በሕይወቱ ያደረገውን ትልቁን ነገርም ቀብሮት ሊሆን ይችላል።

ይህን ስጽፍ ከሁለት ወገን የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አንደኛው «የቀድሞ ጦር» ሲባል ጨፍጫፊ ብቻ የሚታየው ነው። ለዚህ ወገን አያቴ በየዓመቱ ከጎደለ ኪሳቸው የሚከፍሉት የቅዳሴ ገንዘብ ትርጉም የለውም፤ የገደለ ሰው ቢያለቅስ ምን ዋጋ አለው ይላል። ሌላኛው ጥቁርና ነጭ ፎቶ እየለጠፈ «ያ ጦር! ያ ወኔ!» የሚለው ነው። ይህኛው የባሰ ይመስለኛል። መኮንኑን ወደ ፎቶ ቀይሮ ሰውየውን ያስወጣዋል። ፎቶ ኑዛዜ አይገባም፤ ፎቶ ሌሊት አይነቃም። አያቴ ግን ይነቁ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማኛል።

ሃይማኖታቸው ራሱ ምን ይላል? ብዙ ሰው ካቶሊክ ነገሩን በኑዛዜ ጨርሶ የሚገላገል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1958 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1965 ማለት ነው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመኑ ዓለም ባወጣው ሰነድ አንቀጽ 79 ላይ ስለ ወታደር ሁለት ነገር ይናገራል። ሀገሩን የሚያገለግል ወታደር ራሱን የሕዝብ ደኅንነትና ነጻነት አገልጋይ አድርጎ ይቁጠር ይላል፤ በዚያው አንቀጽ ደግሞ ሕዝብን የሚያጠፋ ትእዛዝ ወንጀል ነው፣ ታዝዤ ነው ማለትም አያድንም ይላል። ሰነዱ ከኦና አምስት ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። አያቴ አንብበውት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ኖረውታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ይመስለኛል።

ኑዛዜም ቢሆን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መጸጸት፣ መናገር፣ መካስ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርየት ኃጢአቱን ያነሣል፣ ያደረሰውን ጉዳት ግን አይጠግንም፤ የሚቻለውን መጠገን የሰውየው ፈንታ ነው ብላ ታስተምራለች። አያቴ ተጸጽተዋል፤ ደብተሩ ይመሰክራል። ተናግረዋል፤ ለሚመለከተው ክፍል። ካህኑ ደግሞ በምስጢር የታሰረ ነው፣ መታሰሩም ተገቢ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ለአንድ የኦና ቤተሰብ በአዲስ አበባ የተቀደሰ ቅዳሴ ምኑ ነው? ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተኮሰ፣ ሟቾቹ የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ሞተ። «የሚመለከተው ክፍል» እነሱም ነበሩ።

በወንጌል አንድ የመቶ አለቃ አለ፤ አገልጋዩ የታመመበት። ጌታ ወደ ቤቴ ጣራ ሥር ሊገባ አይገባኝም ያለው እሱ ነው። ካቶሊኮች ከመቁረባቸው በፊት ያንን የወታደር ቃል ነው የሚደግሙት። አያቴ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ «ይህ የኛ የመኮንኖች ጸሎት ነው» ብለውኛል።

ቤተሰቤ ይህን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። አክስቴ «ሙት ወቃሽ አታድርገን» አለች። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ሙት መውቀስ አንድ ነገር ነው፣ ሙት መዝለል ሌላ። የኛን ሙት በስሙ፣ በማዕረጉ፣ በፎቶው ቀብረናል፤ ንፍሮ በልተናል። የእነዚያን ስም የጻፈ ከኛ ወገን የለም። አጎቴ ደግሞ «ፍርድ ቤት ያልጠየቀውን አንተ ምን አገባህ» ይላል። እውነት ነው፣ ፍርድ ቤት አልጠየቀም። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣኑ በደርግ ዘመን ወንጀል ላይ ነበር፤ 1963 ከዚያ ውጭ ነው። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም አለ፤ ስለ እውነት ማፈላለግ ብዙ ይወራል። የኦና ሰዎች ግን ዛሬ የሌላ ሀገር ዜጎች ናቸው። ያኔ መቶ አለቃና ሻምበል የነበሩት ደግሞ በሕይወት ካሉ ሰማንያን አልፈዋል። ኮሚሽን እስኪቋቋም ቢሮ እስኪከራይ ማን ይቆያል? የቀረው ሳሎን ነው፤ ቡና ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ እንደ አያቴ ይዘጋዋል። ሁሉም ግን አይዘጋውም፤ የልጅ ልጅ ሲጠይቅ የሚናገር ሽማግሌ አይቻለሁ፣ ልጁ ጠይቆት የማያውቅ።

ካህናቱንም አንድ ነገር ልለምን። ኑዛዜ የሚገቡ አሮጌ ወታደሮች ካሏችሁ፣ ሥርየት ማለት የግድ ዝም ማለት እንዳልሆነ ንገሯቸው። ምስጢሩ የታተመው በእናንተ አፍ ላይ ነው፤ በእነሱ አፍ ላይ አይደለም።

የአያቴን የሕይወት ታሪክ ያንን መስመር አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። «ከ1959 እስከ 1965 ዓ.ም. በሁለተኛ ክፍለ ጦር፣ ከረን። በኅዳር 1963 ኦናና በስክዲራ ሲጠፉ ከረን ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር 22 ለሙታኑ ቅዳሴ ያስቀድሱ ነበር።» ከዚህ በላይ የማረጋግጠው የለኝም። አጎቴ ገጹን አንብቦ መልሶ ሰጠኝ፤ አልቀደደውም።

በዚያ ዓመት ከረን የነበረ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ ወይም በወዲያኛው በኩል ከኦና፣ ከበስክዲራ፣ ከከረን የሆናችሁና ይህን በአማርኛ የምታነቡ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የማንንም ስም አላወጣም። በትግርኛ ብትጽፉም የሚያነብልኝ ሰው አለ። ስድብም ከሆነ ይድረሰኝ።